ከአህያ መኪና ሆድ ሥር የተፈታው ዝምተኛ

ተረት ተረት!

የመኪና በረት!

አዎ፣ የላም አላልኩም፤ የመኪና ነው። ቀረብ በሉና ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ መኪና በሚነዳበት፣ ብረትም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ጫንያለው የሚባል አህያ ነበር። ስሙን ያወጣለት ገበያው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጤፍ ጫኑበት፣ ሲሚንቶ ጫኑበት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ጀርባው ተመለጠ። በመጨረሻ ከአፉ ቀንሶ፣ ከገብሱ ቆጥቦ፣ አንዲት ያረጀች ቢጫ መኪና ገዛ። በመጀመሪያው ቀን ሲነዳት ረጅም ጆሮው በመስኮት ወጥቶ ሲውለበለብ ያላየ የሰፈር ሰው የለም። የጭነት ገመዱንና ጆንያውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና፣ «ሁለተኛ ጀርባዬ ላይ አትወጡም!» አላቸው።

ጎረቤቱ ርግብ ነበረች። ጎጆዋ ከእሱ አጥር በር በላይ ነው። ሚጡ የምትባል አንድ ጫጩት አለቻት። ጫንያለው ሚጡን ሲወድ ለጉድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጆሮዎቹ መሃል ያስቀምጣትና ግቢውን ሦስት ጊዜ ያዞራታል። «ይቺ ልጅ ካልሳቀችልኝ ቀኑ አይነጋልኝም» ይላል።

ጫንያለው ታዲያ አንድ አመል ነበረው። ለማማት አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያየው ነው። ሲጫን የኖረው አህያ፣ እሱ ሲጭን አይራራም። መኪናዋ ላይ ሰባት ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ሦስት በግ፣ በበጎቹ ላይ የበጎቹ ጓዝ። «ጫን!» ይላል። «ጫን፣ ገና ቦታ አለ!» መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ፣ እህህ ብላ ቀጥ ትላለች።

«ምን ነካት?» ብሎ ጦጢት ዘንድ ወሰዳት። ጦጢት የሰፈሩ መካኒክ ናት። እጇ ፈጣን ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ከመኪናዋ ሥር ገብታ ብዙም አልቆየች።

«አገኘሁት ጋሼ! ይሄ ሆዷ ሥር የተጋደመው ነው የሚያንቃት። እሱ ይፈታ፣ ትበራለች!»

የተጋደመው ሞላላ ብረት ነው፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ። የሞተሩ ጭስ በእሱ ሳያልፍ ወደ ውጭ አይወጣም። የተማሩት ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይሉታል፤ የሰፈሩ ምላስ አልዞር ቢል ዝምተኛው ተባለና ቀረ።

ጫንያለው ከመፍታቱ በፊት ልጠይቅ ብሎ አጎነበሰ።

«አንተ ሞተር፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«እኔማ እጎትታለሁ! ያለ እኔ ይቺ መኪና የዶሮ ቤት ናት!»

«አንተስ ጎማ?»

«እኔ እዞራለሁ! ጭቃውን፣ ድንጋዩን የሚረግጠው ማን ሆነና?»

«አንተስ ክላክስ?»

«ጲጲጲጵ! እኔ አስከብርሃለሁ! እኔ ባልኖር ማን መንገድ ይለቅልሃል?»

«አንተስ ዝምተኛው?»

ዝምተኛውም፣ «የሚመጣውን እቀበላለሁ» አለ።

«እና?»

«በቃ።»

ሞተር በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ሥራ ፈት! ተጋድሞ መሞቅ ነው እኮ ሥራው!»

ዝምተኛው ተፈታ። ጦጢት እጇን እየጠራረገች፣ «እሱን አሮጌ ብረት ለእኔ ተወው፣ እጥልልሃለሁ» አለች። ልቧ ሌላ ነው። ውስጡ የተቀባው ነገር ከወርቅ እንደማያንስ ታውቃለች።

«ብረትማ አይጣልም!» አለ ጫንያለው። ቤቱ ወስዶ የአጥሩ በር በንፋስ እንዳይዘጋ አስደገፈው። ጦጢት ጅራቷን ነከሰች።

መኪናዋስ በረረች? ዳገቱ ላይ ያው ቆመች። ልዩነቱ አሁን እየጨሰች መቆሟ ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ያስመሰግናል። የሰፈሩ አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጥቶ፣ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ መኪናም ትማራለች!» ብሎ ሰፈሩን አሳቀ።

ርግብ ግን አልሳቀችም። አንድ ጠዋት በሩ ላይ መጣች።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ጫንያለው?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ላባዬን አጥቤ ሳልጨርስ ይጠቁራል፤ እሱስ ይሁን፣ ጥቁርም ያምርብኛል። ሚጡ ግን ሁለት ሳምንቷ ነው ስታስል። ከመኪናዋ ይሆን ብዬ…»

«ኧረ ጉንፋን ነው! ሰሞኑን ጉንፋን ገብቷል!» አለ። አፉ እንዲህ አለ እንጂ ጆሮው ወደቀ።

እንዲህ እንዲህ ሲል የምርመራው ወር ደረሰ። በዚያ አገር ሕግ አለ፤ መኪና ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እመት ኤሊ ዘንድ ትቀርባለች። እመት ኤሊ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ትከትና የጭስ መለኪያዋን መርፌ ታያለች። መርፌው ከተኛ ቦሎ ትሰጣለች፤ ቦሎ መስታወት ላይ የምትለጠፈዋ የዓመት ምስክር ናት። መርፌው ከዘለለ ቦሎ የለም። ሦስት ጊዜ ከዘለለ ደግሞ ሰሌዳ ይፈታል። ሰሌዳው ከተፈታ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች ጆንያው ከግድግዳ ይወርዳል። ይህን ሲያስብ የጫንያለው መላጣ ጀርባ ያሳክከዋል።

«አታስብ፣ እኔ አለሁልህ» አለች ጦጢት። ጭስ ማውጫው ውስጥ ሽቶ ነፋችበት። ጫንያለው ሄደ። እመት ኤሊ ቱቦዋን ከተተች፤ መርፌው ዘለለ።

«ሽቶው ደስ ይላል አቶ ጫንያለው» አለች። «ለሠርግ ይሁንልዎ። አንድ።»

«አታስብ፣ እኔ አለሁልህ» አለች ጦጢት። ከአንድ በግ መኪና ላይ አዲስ ማርሚታ በውሰት አምጥታ አሰረችለት፤ ሰው ለሠርግ ጌጥ እንደሚዋሰው ማለት ነው። መኪናዋ እንደ ድመት ኮቴዋ ጠፋ። እመት ኤሊ ቱቦዋን ከተተች፤ መርፌው ዘለለ።

«ማርሚታ ድምፅ ያፍናል እንጂ ጭስ አያጠራም። ሁለት።»

«አታስብ!» አለች ጦጢት ለሦስተኛ ጊዜ። ባዶ ቆርቆሮ ጠቅልላ፣ ልክ ዝምተኛውን አስመስላ መኪናዋ ሆድ ሥር በየደችው። ጫንያለው ላብ በላብ ሆኖ ቀረበ። እመት ኤሊ አንገቷን አስግጋ ወደ ሥር አየች።

«ይሄ ማነው?»

ጫንያለው አፉን ሳይከፍት ቆርቆሮው ጀመረ። «እኔ ነኝ! ጭስ ማጣሪያው እኔ ነኝ! እንደ እኔ ያለ የለም! አየር በእኔ ነው የሚጠራው፣ ሰማዩም ሰማያዊ የሆነው በእኔ ነው…»

እመት ኤሊ በጥፍሯ አንኳኳችው። ኳ! ኳ! ኳ!

«ውስጥህ ማን አለ?»

«ማንም የለም!» አለ ቆርቆሮው በኩራት።

መርፌው ዘለለ። ጫንያለው የሚገባበት ጠፋው።

«ሦስት» አለች እመት ኤሊ። «ሕጉ ሰሌዳው ይፈታ ይላል፤ እፈታለሁም። ግን እንደሚያዩኝ ዘገምተኛ ነኝ። እስከዚያ ሰሌዳ ድረስ ተራምጄ ስደርስ ነገ ረፋድ ይሆናል። እስከዚያ የሚያደርጉትን ያድርጉ።»

ጫንያለው መኪናዋን እዚያው ትቶ በእግሩ ቤቱ ገባ። ገመዱንና ጆንያውን ከግድግዳ አወረደ። እንዲለምደው ጀርባው ላይ አድርጎ፣ አጥሩ በር ላይ፣ ዝምተኛው አጠገብ ተቀመጠ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚጡ እያሳለች ወረደች።

«አባባ ጫንያለው፣ ምንድን ነው የለበስከው?»

«የድሮ ሥራዬ ነው።»

«ምን ነበር ሥራህ?»

«የሰው ጭነት መሸከም።»

«ታዲያ ያመሰግኑህ ነበር?»

«እኔን? ኧረ ሚጡዬ! ሻጩ እኔ ሸጥኩ ይላል፣ ገዢው እኔ ገዛሁ ይላል፣ ደላላው እኔ ባልኖር ይላል። እኔን ሲያዩኝ፣ ይሄ አህያ ቆሞ ከመዋል በቀር ምን ይሠራል? ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ? የሚመጣውን እቀበ…»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። አንዱ ጆሮው ቆመ፣ ሌላኛው ወደቀ። ቀስ ብሎ ዞሮ በሩን የደገፈውን ብረት አየው።

«ምነው» አለው፣ «ምነው ሳትነግረኝ?»

«ነገርኩህ እኮ» አለ ዝምተኛው።

ጫንያለው አንገቱን ደፋ። «የሚመጣልህ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀው።

«የሞተሩ ክፉ ጭስ። በአንድ በኩል መርዙ ይገባል፣ ሆዴ ውስጥ ግሎ ይለወጣል፣ በሌላ በኩል የከፋው ቀርቶ ይወጣል። የምሞቀው ለዚህ ነው።»

«ዳገቱ ላይስ አንተ አይደለህም ያነቅካት?»

«ዳገቱ ላይ ያነቃትማ ሰባት ጆንያና ሦስት በግ ነው።»

ሚጡ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቆረጠው። ጫንያለው ይህን ሲሰማ ልቡ ተነካ። «ልመልስህ፣ ትመለሳለህ?»

«እመለሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ሞተሩ ዘይት እየጠጣ፣ እሳት የሚጭርለት ካንዴላ ቆሽሾ ቢጨስብኝ፣ እኔም እደፈናለሁ። ጭነቱ ይመጠንልኝ።»

የጫንያለው ዓይን እንባ አቀረረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ይዟት፣ ለማንም ሳይናገራት የኖረው ቃል ይህችው ነበረቻ! ጭነቱ ይመጠንልኝ።

በማግስቱ ማልዶ ዝምተኛውን በጀርባው ተሸክሞ ምርመራው ድረስ ወሰደው። ያን ቀን ጀርባው አላሳከከውም። ጦጢትን በመንገዱ ጠራት። እሷም አፍራ፣ ጅራቷን እግሮቿ መሃል ከታ መጣች። ቆርቆሮውን ፈታች፤ «ሳልጨርስ! ስለ ራሴ ገና አልጨረስኩም!» እያለ ወረደ። ካንዴላውን ጠረገች፣ ዘይቱን ቀየረች። ሞተር ሊያጉረመርም ሲል ጫንያለው፣ «አንተ ዝም በል፣ ያንተኑ ጉድ ነው የሚውጥልህ» አለው። ዝምተኛው ቦታው ገባ። ጦጢትም የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቃ፣ «ለእኔ ብትሰጠኝ ግን ያምርብኝ ነበር» አለች፤ ተሳሳቁ።

እመት ኤሊ ያን ጊዜ ከሰሌዳው አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር። ዞረች፤ መዞሩም ጊዜ ወሰደ። ቱቦዋን ከተተች። መርፌው ነቅነቅ አለ፣ አየት አደረጋቸው፣ ተኛ።

«ለጥፉለት!» አለች።

ቦሎዋ ተለጠፈች። ጫንያለው በሦስት ጆንያ ብቻ፣ ያለ በግ፣ ዳገቱን ወጣው። መኪናዋም አላቃሰተችም። ሚጡ በወሩ ሳሏ ለቀቃት፤ ርግብም ላባዋን አጥባ ነጭ ሆና ትውል ጀመር። ጫንያለው ግን ጠዋት ጠዋት ሚጡን ጆሮዎቹ መሃል አስቀምጦ፣ ወደ መኪናዋ ሆድ ሥር አጎንብሶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» ሳይል ሞተር አያስነሳም። ዝምተኛውስ ምን ይላል? ምንም። ሙቀቱን ብቻ ይሰጠዋል።

ለዚህ ነው እንዲህ የተባለው፦ ባዶ ቆርቆሮ ሲያወራ ይውላል፤ ጭሱን የዋጠ ዝም ይላል።

ተረቴን መልሱ፣ ጥላሸቴን አብሱ።