ለሦስት ፍሬ ገብስ የተያዘ ወረፋ

አንድ ጊዜ፣ ወረፋው ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ፣ አያ ጅቦ ከፊቱ የቆመውን አህያ ቡሎን ገፋ አደረገና «ወንድሜ፣ ጠጋ ጠጋ በል እንጂ፤ ቅናሹ ሊያልቅ ነው» አለው።

ቡሎ ጠጋ አለ። ደስ ግን አላለውም። ጅብ ከኋላው ቆሞ ጠጋ በል ሲለው ደስ የሚለው አህያ የት አለ? እርግጥ ዕለቱ የገበያ ቀን ነው። በአንበሳ ትእዛዝ፣ በገበያ ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም ማንንም አይበላም። ከጠለቀች በኋላ ግን ሁሉም ለራሱ ነው።

ቡሎ የመጣው ክረምቱ ሳይገባ በአንድ አሞሌ ጨው አንድ ቁና ገብስ ሊገዛ ነው። ቤት እናት የሌላት ውርንጭላ ልጁ ትጠብቀዋለች፤ ወንዙ አንዴ ከሞላ መሻገሪያ የለም። ገብሱን ድሮ የሚገዛው ከወንዙ ማዶ፣ ሾላው ሥር ከምትሸጠው ከእመት ጦጢት ነበር። ዘንድሮ ቀበሮ ሱቅ ከፍታ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ሰሌዳ ስትሰቅል ግን የጦጢትን ደጃፍ አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ከሰሌዳው ግርጌ ሌላም ጽሕፈት አለ፤ ከጉንዳን እግር ስለቀጠነ ከወረፋው ውስጥ ሆኖ አይነበብም።

ጅግራ ገብሷን ይዛ ስትወጣ ቡሎ ጠራት።

«እሜቴ፣ ስንት ቀነሰችልሽ?»

«ሦስት።»

«ሦስት እፍኝ?»

«ሦስት ፍሬ» አለችና ክንፏን ገልጣ አሳየችው። ሦስት ፍሬ ገብስ። አንዷን ነቀዝ በልቷታል።

«ከጠዋት ጀምሮ የቆምሽው ለዚህ ነው?»

«በነጻ ነው እኮ፣ ጋሼ ቡሎ። በነጻ የተገኘ ይናቃል?»

«ምራቂስ?»

«ምራቂ ቀርቷል። ቁናውንም አፉን በእንጨት ጠርጋ ነው የምትሰፍረው። ግን ቅናሽ አለ» ብላ እየተንጎራደደች ሄደች።

የቡሎ ጆሮ ቆመ። እመት ጦጢት ቁናውን ቆልላ ትሰፍርና ከላይ ሁለት እፍኝ ትመርቃለች፤ ሰሌዳ ሰቅላ ግን አታውቅም። እሺ፣ ቀበሮ አጭበርባሪ ናት፤ ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። እሱን የከነከነው ሌላ ነው። ዞር አለ።

«አያ ጅቦ፣ ገብስ መብላት የጀመርከው መቼ ነው?»

«እኔ? ገብስ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ተሰለፍክ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ሲያስብ ለሃጩ ይወርዳል። «የኔ ቅናሽ ሌላ ነው» አለ። «ቀበሮ ‹ከፊትህ ያለውን እንዳትለቅ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እሱን ንከስ፤ ሥጋው ላንተ፣ ቆዳው ለኔ› ብላኛለች። ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም።»

ቀበሮ አንዲት ቁና ለመስፈር ይህን ያህል የምትንቀራፈፈው ለምን እንደሆነ አሁን ለቡሎ ገባው። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከተራራው ጫፍ ልትደርስ ትንሽ ነው የቀራት። ቢሮጥ ጅቡ ይነቃና እግር በእግር ይከተለዋል፤ እሱን ተከትሎ ደግሞ ልጁ ዘንድ ይደርሳል።

ከመንገዱ ዳር አንድ ድቡልቡል ድንጋይ በአፍንጫው እየገፋ አመጣና ከጅቡ ፊት አስቀመጠው።

«አያ ጅቦ፣ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ። ቦታዬን ይሄ ድንጋይ ይዞልኛል። ብዘገይ የኔን ሦስት ፍሬ አንተ ውሰዳት።»

«ከኔው ሌላ?»

«ከራስህ ሌላ።»

አያ ጅቦ ገብስ መጥላቱን ረሳ። «ሂድ፣ ሂድ» አለና ድንጋዩን በሁለት እግሩ አቀፈው።

ቡሎ ወንዙን ተሻግሮ ሾላው ሥር ሲደርስ እመት ጦጢት ብቻዋን ተቀምጣ ብብቷን ታካለች።

«ምነው ቡሎ፣ ቅናሹ አለቀ?»

«ይስፈሩልኝ እመት፣ ቶሎ ይበሉ።»

ቆልላ ሰፈረችለት፤ ሁለት እፍኝም መረቀች። ቡሎ ግን አጎንብሶ የቁናውን ቂጥ አሸተተ፤ ቀዳዳ እንዳለው ሊያይ።

«ደግሞ እኔን ትጠረጥራለህ?»

«ዛሬ እናቴም ብትመጣ እጠረጥራለሁ።»

ፀሐይዋ ጠለቀች። ከማዶ አያ ጅቦ የቀበሮ ቃል ትዝ አለውና ከፊቱ ያለውን ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰ። «ቋ» የሚል ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ቀጥሎ ልቅሶ ተሰማ። ቀበሮ ከሱቋ ወጣች፤ ድንጋዩን አየች፤ የረገፉትን ጥርሶች አየች፤ ከዚያ ስድስት ፍሬ ገብስ መዳፉ ላይ ጣል አድርጋለት ሱቋን ዘጋች።

እመት ጦጢት፣ ቡሎ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት፣ ጭነቱን አጥብቃ እያሰረች ወደ ማዶ አየች። «በል ቶሎ ሂድ፣ ልጅህን ራብ እንዳይገላት» አለችው። «ስታድግም ይሄን ንገራት፦ ከዚህ የምንማረው፣ ሦስት ፍሬ ሊሰጠን ቀኑን ሙሉ የሚያቆመንን ነጋዴ፣ ወረፋው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ‹ከኋላዬ የምታቆመው ማንን ነው?› ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።»