የሰው ነው፣ የሰው አይደለም

ተረት ተረት፤ የላም በረት አይደለም፣ የብርጭቆ በረት። በዚያ በረት ለዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ታጉረዋል፤ እረኛቸው ተመራማሪዋ ትርሲት ናት። የተወሰዱት ሰውነቷ ስብ አልይዝ ብሎ ከምትማቅቀው ከእታለማሁ ነው። እታለማሁ «ዳግመኛ ስለት አይነካኝም» ብላ ምላለች፤ የተረፈው አንድ ሳህን ብቻ ነው። የእታለማሁ ሕዋስ ስብ መያዝ ይችል እንደሆነ ለመፈተን ትርሲት የምትሻው አንዲት ጠብታ ፕሮቲን ነበር፤ ሕዋስን «ስብ ሁን» ብላ የምታዝዝ ጠብታ። እስከ ማታ ካልደረሰች ሳህኑም የእታለማሁ ተስፋም ያበቃል።

ሕዋስ ያለ ጠብታ አልወፍርም አለ። ጠብታዋ ደግሞ በረዶ በታቀፈ ሳጥን ከባሕር ማዶ መጥታ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣለች። ትርሲት እየከነፈች ሄደች። ጠባቂው አቶ ደርቤ የሳጥኑን ልጥፍ አነበቡ።

«የሰው ፕሮቲን ይላል። የሰው ዕቃ እንዴት እሰጥሻለሁ፣ እህቴ?»

«ጋሼ፣ የሰው ማለት እኮ የሰው ልጅ ማለት ነው።»

«ይኸማ ባሰ። የሰው ገላ ከሆነ ያለ ማህተም አልከፍትም።»

ሕዋስ ያለ ጠብታ አልወፍርም አለ፤ ጠብታ ከሳጥን አልወጣም አለች፤ ሳጥን ያለ ጠባቂ አልከፈትም አለ፤ ጠባቂ ያለ ማህተም አልከፍትም አሉ። ከሳጥኑ ጥግ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። በረዶው ካለቀ ጠብታዋ ትበላሻለች ብላ ትርሲት ፈራች፤ ወደ ተቆጣጣሪው ወደ አቶ ሽመክት ሮጠች። የአቶ ሽመክት እጅ ማህተሙ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ማህተም የያዘ እጅ ምን ጊዜም ፈሪ ነው።

«ልጄ፣ የሰው ገላ በካርቶን አይዞርም። የሐኪም ቃል አምጪ።»

ሕዋስ ያለ ጠብታ አልወፍርም አለ፤ ጠብታ ከሳጥን አልወጣም አለች፤ ሳጥን ያለ ጠባቂ አልከፈትም አለ፤ ጠባቂ ያለ ማህተም አልከፍትም አሉ፤ ተቆጣጣሪ ያለ ሐኪም ቃል አላትምም አሉ። ትርሲት የፎቁን ደረጃ እየዘለለች ወጥታ ፈቃድ ሰጪዋን ሐኪም ዶክተር ውብአንቺን አገኘች።

«ሰውዬው ማን ነው? ፈቅዷል ወይ?» አለች ዶክተሯ። «ባለቤቱ ሳይመጣ ቃል አልሰጥም።»

ሕዋስ ያለ ጠብታ አልወፍርም አለ፤ ጠብታ ከሳጥን አልወጣም አለች፤ ሳጥን ያለ ጠባቂ አልከፈትም አለ፤ ጠባቂ ያለ ማህተም አልከፍትም አሉ፤ ተቆጣጣሪ ያለ ሐኪም ቃል አላትምም አሉ፤ ሐኪም ያለ ባለቤት ቃል አልሰጥም አለች። የሌለ ባለቤት ከየት ይመጣል? ፀሐይ አዘቀዘቀች።

«ዶክተር፣ ባለቤት የለውም። ማንም አልተቆረጠም፣ ማንም አልደማም። አሠራሩ ከሰው ተቀድቶ ለባክቴሪያ ተሰጠ፤ ባክቴሪያዋ እንደ ጠላ በጋን ጠመቀችው። አሠራሩ የሰው ነው፤ ዕቃው ግን የሰው አይደለም። የተቆረጠች አንዲት ሴት አለች፤ እሷ እኔን እየጠበቀች ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አይባልም?» አለችና ዶክተሯ ስልኩን አነሣች።

ያን ጊዜ ሐኪም ቃል ሰጠች፤ ቃሉ ተቆጣጣሪን አነቃ፤ ተቆጣጣሪ ማህተም መቱ፤ ማህተሙ ጠባቂን አስነሣ፤ ጠባቂ ሳጥን ከፈቱ፤ ሳጥን ጠብታ ሰጠ። በረዶው እፍኝ የማይሞላ ቀርቶት ነበር። ትርሲት ጠብታዋን ሳህኑ ላይ ጣለች፤ ሕዋስም እሺ፣ እወፍራለሁ አለ።

ከቀናት በኋላ ሕዋሱ ስብ ሲቋጥር እታለማሁ ተጠርታ መጣች። አጥንቷ በቀሚሷ ላይ እየታየ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ቅቤ የመሰሉ ነጠብጣቦች ያበራሉ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለች ትርሲት።

እታለማሁ ዓይኗን ሳታነሣ «ውፍረት ያምርብኛል» አለች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና አፌን በቅቤ አብሱ።