ሳሉ ያለበት ዘፈን

በአንድ ወቅት ደሴ ከተማ ውስጥ ስመኝ የምትባል፣ ከባንዷ ተለይታ ብቻዋን የምትዘፍን ልጅ ነበረች። የታመሙትን አባቷን አቶ ደርበውን እያስታመመች፣ ከአልጋቸው አጠገብ ክራር እየመታች አንድ አልበም ቀረጸች። ክራሩ የእሳቸው ነበር። ሲሰጧት እንዲህ ብለዋታል፦

«ይኼ ክራር የሚተላለፈው ለዘፋኝ አይደለም፤ ለሰሚ ነው። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽኛል። ሲደክምሽ ደግሞ አንቺን ለሰማሽ ስጪው።»

አልበሙ ሳይወጣ አባቷ ሞቱ። ሲወጣ ስመኝ ደክሟት ነበር። ክራሩን የምታስረክበው ሰው ብቻ ትፈልግ ጀመር።

መጀመሪያ የከተማው ሬዲዮ አዘጋጅ ልዑልሰገድ ስለ አልበሙ ተናገረ። «የመጀመሪያው ዘፈን መሃል የገባችው ሳል ምን ዓይነት ፈጠራ ናት» አለ። ሳሉ የአባቷ ነበር። ልዑልሰገድ ከዚያ ዘፈን አላለፈም፤ ግን ጠዋት ጠዋት እየደጋገመ ስላሰማው ከተማው ሁሉ ሰማው። አንድ ወያላ እንኳ ሲያያት «እህ እህ፣ የሳሏ ልጅ፣ ግቢ» ብሎ አሾፈባት። ለመሳቅም አቅም አጣች።

ምንተስኖት የሚባለው ጋዜጠኛ አልበሙን እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ሰማና ጻፈ። «ድምጿ ዝሏል። ዘፈኖቹ ይመሳሰላሉ። ሳሉም መቆረጥ ነበረበት።» ስመኝ ጋዜጣውን ልትጥለው ስትል ከታች ያለውን አየች። «አራተኛውን ግን የዘፈነችው ለእኛ አይደለም። አጠገቧ ለተኛ፣ እንዳይነቃባት ለምትሳሳለት ሰው ነው።» ይህን ማንም አልነገረውም።

ለጎረቤቷ ለእትዬ ጌጤነሽ አልበሙን ራሷ ከፈተችላቸው። ሳሉ ጋ ሲደርስ፣

«ዝጊው ልጄ» አሉ።

«አልጣመዎትም እትዬ?»

«ዘፈኑን መች ሰማሁት። ደርበው ውኃ ጠምቶት እኮ ነው። እንዲህ ሲስል በግድግዳው እሰማው ነበር።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

ስመኝ ይህን አላወቀችም ነበር። በቀረጻው ዕለት አባቷ ሲስሉ፣ ዘፈኑን እስክትጨርስ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

አሁን ክራሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። አንዱ ሳይሰማ አሰማላት፤ አንዱ እየነቀፈ ያልተናገረችውን ሰማ፤ አንዷ ዘፈኑን ትተው ሰውየውን ሰሙ። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር? ወይስ መስማት ገና ይቀራታልና እሷው ጋ ይቆይ?