ሁለት መኩሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ባልራቀ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ አፀደ የሚባሉ ሴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው አቶ መኩሪያ ከሞቱ ወዲህ ያ ረጅም የድንጋይ ቤት ለአንድ ሰው በዛ። ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ገና አላገቡም፤ በየሥራቸው ሰፈር ተከራይተው ይኖራሉ። ሲመቻቸው ብቅ ይላሉ፣ ሳይመቻቸው ይደውላሉ።

የልባቸውን የሚያዋዩአቸው ወልድያ ያሉት ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ብቻ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ። ወሬው ሳሎን ይጀመራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ። የሆድ የሆዱ ሲመጣ ግን ወይዘሮ አፀደ ስልኩን ይዘው መኝታ ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። የሆድ ነገር ሳሎን ይወራል እንዴ! ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ከማን እንደሚደበቁ አትጠይቋቸው፤ ልማድ ነው።

ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩ ቤቱን አያዳርስም ነበር። ስለዚህ ትንሹ ልጅ ውብሸት እየተቀባበሉ ቤቱን የሚያዳርሱ ሦስት ነጫጭ ሳጥኖች ገዝቶ ተከለ፤ የኢንተርኔቱንም መስመር ከውጭ ምሰሶው ላይ አስነቅሎ ከአባቱ ክፍል ወደ ሳሎን አዞረ። እናቱ ታዲያ ሁለት ነገር አዘዙ።

«የአባታችሁን ስም ከስልኬ እንዳታወርድብኝ። ክፍሉም እስከ ሙት ዓመቱ አይከፈት፣ እንዳለ ይቆይ።»

የድሮው ዋይፋይ ስሙ «መኩሪያ» ነበር። ውብሸትም የእናቱን ቃል አክብሮ አዲሶቹን «መኩሪያ» አላቸው፤ የይለፍ ቃሉንም ያንኑ አደረገ። የድሮው ዋይፋይ አሮጌ ሳጥን ግን ከመኝታ ቤቱ ጎን ባለው በተዘጋው የአባትየው ክፍል ውስጥ እንደበራ ቀረ። መስመር የለውም፤ ስሙን ብቻ ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ ሳሎን ሲሆኑ ወይዘሮ ትርንጎ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ መኝታ ቤት ተገብቶ በሩ ሲዘጋ ፊታቸው ይደርቅና ይጠፋሉ። ደግመው ቢደውሉም ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ ትርንጎ ጭራሽ ማንሳት ተዉ። ወይዘሮ አፀደ ሆድ ባሳቸው። «ምን አስቀየምኳት?» እያሉ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውሉ ጀመር። ባላቸው ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ ደራሽ ነበረ፤ ለዚህኛው የሚደርስ የለም። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ልጆቻቸውን ጠሩ። «እህቴን የመለሰልኝ፣ የአባቱ ክፍል የእሱ ነው። ይምጣና ከእኔ ጋር ይኑር» አሉ። ሦስቱም ያን ክፍል ይወዱታል። ደግሞ እውነቱ ይነገር፣ ሦስቱንም ብቻቸውን መኖር ሰልችቷቸዋል።

ታላቁ ዳምጠው መጀመሪያ መጣ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ የሚል ሰው ነው። ለጓደኛው ደውሎ ፊቱን እያየ ከክፍል ክፍል ዞረ፤ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ጓደኛው ጠፋ። ከዚያ ሦስቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ አጠፋቸው። ሦስቱም ጠፍተው ስልኩ አሁንም «መኩሪያ» ይላል። እናቱ አማተቡ።

«መንፈሱ ነው እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ የአባባ አሮጌ ሳጥን ነው። ስልክሽ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሲሆኑበት ወደ ቀረበው ይሄዳል። መኝታ ቤት የሚቀርብሽ ደግሞ የአባባ ነው፤ እሱ መስመር የለውም።»

አዲሶቹን መልሶ አበራቸው። ክፍሉን ይክፈት? ቃላቸውን መስበር አልደፈረም። «ከሙት ዓመቱ በኋላ እናጠፋዋለን» ብሎ ለወንድሞቹ ነግሮ ወደ ሥራው ሄደ።

መካከለኛው ስንሻው በማግስቱ መጣ። እናቱ ስልኩን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አያቸው፣ አያቸውና ቁልፉን ከግድግዳው አነሳ።

«ተው ስንሻው! ቃሌን?»

«አባባ አይከፋውም፤ አንቺ ግን በቁምሽ እያለቅሽ ነው።»

ከፍቶ ገባ፣ አሮጌውን ሳጥን ነቀለ። እናቱ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ምሳ እንኳ ብላ አላሉትም። የአዲሶቹን ስም መለወጥ ይበቃው ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። ያኔ ግን የባላቸው ስም የሚቀረው ከማይሠራው ሳጥን ጋር ነበር። ስንሻው ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የአባቱ ኮት ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ አይቶታል።

ስልኩ አሁን መኝታ ቤትም በደንብ ይሠራል። ወይዘሮ አፀደ ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፤ ወይዘሮ ትርንጎ አላነሱም።

ትንሹ ውብሸት ይህን ሲሰማ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወልድያ ወረደ። አክስቱን ደጃፋቸው ላይ አገኛቸው፤ በድምፁ ነው የለዩት።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው ልጄ። ይኼን ልነግራት አፌን ስከፍት ትዘጋብኛለች። ከሰው ሰምታ፣ ሸክም እንዳልሆንባት ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።»

ውብሸት እግራቸው ላይ ወደቀ። «እሷ አልዘጋችም አክስቴ። ለሁለቱ ሳጥን አንድ ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ነገሩን ሁሉ አስረዳቸውና በራሱ ስልክ ለእናቱ ደወለ። ወይዘሮ አፀደ ስልኩን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ፣ በሩን ዘጉ። አልተቋረጠም።

«አፀደዬ፣ ቀረብ በይ፤ ሳይጨልምብኝ ልይሽ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«እትዬ፣ ይኸው አለሁ።»

ሁለቱ እህትማማቾች ሲያወሩና ሲላቀሱ ከሰዓቱ አለቀ።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ እድምተኛው ሲበተን ሦስቱ ወንድማማቾች የአባታቸው ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«እኔ ባላገኘው ማን ምን ይነቅል ነበር?» አለ ዳምጠው።

«አንተማ አግኝተህ ትተሃት ሄድክ። የእናቴ ፊት የጠቆረው በእኔ ላይ ነው» አለ ስንሻው።

«መስመሩ ቢስተካከልም አክስቴ አላነሳችም፤ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ» አለ ውብሸት።

«ያቆራረጥካቸውስ?» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

ክፍሉ አንድ ነው፣ አልጋውም አንድ። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና ወይዘሮ አፀደ የተናገሩትን አያጥፉትም። ቁልፉን ጨብጠው ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። ያን ቤት ከእንግዲህ ብቻቸውን አይችሉትም። ግን አንዱን ሲመርጡ ሁለቱ ተቀይመው መደወል ቢተዉስ? ዝምታ በሰው መሀል እንዴት እንደሚጀምር አሁን ያውቃሉ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። ምክንያቱን ያገኘው፣ ቃል ሰብሮ የነቀለው፣ ወይስ ራሱ አጥፍቶ ራሱ ያስታረቀው? ቁልፉ በእናንተ እጅ ቢሆን ለማን ትሰጡ ነበር?