የጥጋቡ ሦስት ሕመሞች

በድሮ ዘመን፣ ሕመም ሁሉ «አመመኝ» ከመባል በቀር ሌላ ስም ባልነበረው ጊዜ፣ ጥጋቡ የሚባል ገበሬ ነበር። ምላሱ ፈጣን፣ እጁ ሰነፍ ነበር።

በጎረቤቱ እማማ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። እሳቸው የእውነት ታማሚ ናቸው። ምን እንደሚሰማቸው ሲጠየቁ ግን «እንጃ፣ ብቻ ያመኛል» ከማለት ሌላ አያውቁም። መድኃኒተኛው አያ ደርሶም «ታዲያ የቱን ሥር ልስጥዎ?» ብለው ይመልሷቸዋል። ጥጋቡ ደግሞ «እማማ፣ ሥራ ሲጠሉ ያማል» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

አንድ ቀን መንደርተኛው በደቦ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ። ጥጋቡ መጥረቢያውን አየና ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«ምን ሆንህ?»

«ራሴን ይፈልጠኛል።»

ሰዎቹ የመጥረቢያን ነገር ያውቃሉና አዘኑለት። «በል ግባና ተኛ» አሉት። ገብቶ ተኛ።

አጨዳ ደረሰ። ጥጋቡ ማጭዱን አየና «ሆዴን ይቆርጠኛል» አለ። «በል ግባና ተኛ» አሉት። ገብቶ ተኛ።

ከርከሮ ማሳ አጠፋ። ሰዎቹ ጦር ይዘው ተነሡ። ጥጋቡ ጦሩን አየና «ጎኔን ይወጋኛል» አለ። «በል ግባና ተኛ» አሉት። ገብቶ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሕመሙን ፍልጠት፣ ቁርጠት፣ ውጋት እያለ መጥራት ጀመረ።

ጥጋቡ ተጋድሞ ቆሎ ሲበላ፣ እማማ የሻረግ ዶሮ ታቅፈው ገቡ።

«ይቺ ላንተ ናት፣ ልጄ።»

«ለምኑ?»

«ያንተን ቃል ሰምቼ ለአያ ደርሶ ‹ጎኔን ይወጋኛል› አልኋቸው። ወዲያው ገባቸው። ሥር ሰጡኝ፣ ይኸው እንቅልፍ አገኘሁ። አንተስ? ውጋቱ ለቀቀህ?»

ቆሎው እጁ ላይ ቀረ። ዓይናቸውን ማየት አቃተው። «ለቀቀኝ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

በማግስቱ ደቦው የእማማ የሻረግን ቤት ሊሠራ ተሰበሰበ። ጥጋቡ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና መጥረቢያ አነሣ። ቀሙት። «ተው፣ ራስህን ይፈልጥሃል።» ለክዳኑ ሣር ሊያጭድ ማጭድ አነሣ። ቀሙት። «ተው፣ ሆድህን ይቆርጥሃል።» መቀለዳቸው አልነበረም። ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ እማማ የሻረግም ውሃ አመጡለት።

ፊቱ ጋለ። ላብ አጠመቀው።

አያ ደርሶ ጎንበስ አሉ። «ደግሞ ምንህን ነው?»

ጥጋቡ እንደ ልማዱ የሰዎቹን እጅ ተመለከተ። ሁሉም ሊደግፉት ሥራቸውን ጥለው መጥተዋል፤ እጃቸው ባዶ ነው። የሚዋሰው ቃል አጣ።

«ምንም አላመመኝም» አለ። «ያን ጊዜም አላመመኝም ነበር። ዋሽቻችኋለሁ።»

ማንም አልሰደበውም። እማማ የሻረግ ብቻ የውሃውን ዋንጫ መሬት አስቀመጡ።

«ሥራ ሲጠሉ ያማል ያልኸኝ አንተ ነህ» አሉት፣ ቀስ ብለው።

ሰዎቹ መጥረቢያውን መለሱለት። ቀና ሳይል እስኪመሽ ፈለጠ። ዶሮዋንም ወስዶ እማማ የሻረግ ደጅ ለቀቃት።

እንግዲህ ልጆች፣ ቃሎቹ ከውሸታም አፍ ወጡ፤ የእማማ የሻረግ ሕመም ግን እውነት ነበር። የታመመ ሰው መናገር ቢያቅተው ሰነፍ አትበሉት፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ተረቱም እዚህ ላይ አረፈ።