በቀትር የማይሰማው ሳል

እመት ሚዳቋ ይህን ነገር ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ለእናቷ አልነገረችም፤ ፊደል ላስቆጠራት ለጉሬዛው መምህር አልነገረችም፤ ጎን ለጎን አብሯት ለሚያመነዥከው ለባሏም ትንፍሽ አላለችም። እንግዲህ ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም እንዳልሰማ ሆናችሁ ስሙ፤ ዛሬ የሚዳቋን ምስጢር አወጣላችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ ምድር እንደ ሰው የምትተነፍስበት ተራራ ነበር። ከድንጋዩ ስንጥቅ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ እጁን ስንጥቁ ላይ እያሞቀ፣ "ይህ ሁሉ ሙቀት ለማን ነው? ለሰማይ?" አለ። አገሬውን አስተባበረ። ከርከሮ በጥርሱ፣ አዋልዲጌሳ በጥፍሩ ቆፈሩ፤ የተራራውን ሆድ ሲነኩት እንፋሎቱ እያፏጨ ተስፈነጠረ።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ተመቸው። እንጨት መልቀም ቀረ። ሥራ ሥሩ በጋለው ድንጋይ ላይ ይበስላል፤ እህሉ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ በብርድ ወራት የዳገቱ ቤቶች እንደ እናት ጉያ ይሞቃሉ። አያ ዝንጀሮም የጉድጓዱ ጠባቂ ሆነ። ጎህ ሲቀድ የክዳኑን ድንጋይ ያነሳል፤ ማለዳ አብስሎ የሚሄድ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ያቀምሰዋል፤ ሆዱም ከቀን ወደ ቀን ይነፋል።

ሚዳቋ የዳገት ሰው ነበረች። በዚያ ዓመት የወለደቻት ግልገል ጊዜዋ ሳይደርስ የመጣች፣ እንደ ቅጠል የምትንቀጠቀጥ ነበረችና ከሞት ያተረፋት ያ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሚዳቋ በጉድጓዱ አጠገብ ባለፈች ቁጥር በልቧ ትመርቀዋለች።

ታዲያ ከታች ከረባዳው፣ እመት ጃርትና ጎረቤቶቿ ከሚኖሩበት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

"እህ! እህ!"

"ይማርሽ!"

"ያኑርሽ!"

በዚያ አገር ሰው ሲያስለው ሰምቶ "ይማርህ" ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ "ይማርህ" ተብሎ "ያኑርህ" ሳይሉ መቅረትም ነውር ነው። ስለዚህ ሳሉ ራሱ ዳገት ባይደርስም ምርቃቱ ይደርሳል። ሚዳቋ ተማሪ ናትና የሰማችውን ሁሉ መቁጠር ልማዷ ነው። ነፋስ ባለበት ጠዋት ሁለት ሦስት "ይማርሽ" ትሰማለች። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ።

ነገሩ ገባት። ከእንፋሎቱ ጋር እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከባድ አየር ይወጣል። ነፋስ ካልገፋው እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ረፋድ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ጠርጎት ይሄዳል።

"ብናገር ጉድጓዱን ይደፍኑታል" አለች ለራሷ። "ልጄስ?"

ዝም አለች። አንድ ወር ዝም አለች፤ ሁለት ወር ዝም አለች፤ ሦስት ወር ዝም አለች።

አገሩ ግን ለሁለት ተከፈለ። የረባዳው ሰው "ጉድጓዱ ይደፈን!" ይላል፤ የዳገቱ ሰው "ብርድ ይፍጀን ነው የምትሉት?" ይላል። ውሃ ሲቀዱ መሰዳደብ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊት ማዞር ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌው አባ ኤሊ ሸንጎ ጠሩ። የዚያ አገር ሸንጎ የሚቀመጠው ደግሞ ሁልጊዜ በቀትር፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ነው።

"አባቶቼ፣ ልጄን ሳል ሊገድለው ነው" አለች እመት ጃርት። "ዓይናችን ያነባል፤ ደረታችን ይታፈናል። ይህ ጉድጓድ ከተከፈተ ወዲህ ነው።"

አያ ዝንጀሮ ተነስቶ ጎፈሩን አራገፈ።

"የረባዳው ሰው ሁሉ ይኸው እዚህ ተሰብስቧል። እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥ እንበል።"

ጸጥ አሉ። ነፋሱ የዋርካውን ቅጠል ያንሿሿል እንጂ የሚያስለው አንድም የለም።

"ሳሉ የት ሄደ?" አለ ዝንጀሮ። "ምሳ ሊበላ ነው?"

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጃርት ለማሳል ሞከረች፤ እምቢ አላት። የተፈለገ ሳል መቼ ይገኛል!

"ጠዋት መጥታችሁ ስሙ!"

"ጠዋትማ እንቅልፍሽን አልጨረስሽም፣ እህቴ። ሕልም ያስላል።"

ይህን ጊዜ ሚዳቋ ከኋላ ብድግ አለች።

"ምን ልትይ ነው፣ የኔ ተማሪ?" አለ ዝንጀሮ። "ጮክ በይ እንጂ!"

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጆሮዋ ተለጠፈ።

"ኧረ… እንደምን ዋላችሁ ለማለት ነው" ብላ ቁጭ አለች።

አባ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ። "እስከ ነገ ወዲያ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ካልመጣ፣ ጃርት በሐሰት አገር አውካለችና አገር ትልቀቅ" ብለው ፈረዱ። አንገታቸውንም መለሱ።

ሸንጎው ሲበተን ሚዳቋ ወደ ቤቷ ሄድኩ ብላ እግሯ ወደ ረባዳው ወሰዳት። ጃርት ሥራ ሥሮቿን በቅጠል እየቋጠረች ነበር። ልጇ ዓይኑ ቀልቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"ወዴት ነው፣ እመት ጃርት?"

"ሳይነዱኝ ልሂድ ብዬ ነው። ግን ወንዙ ሞልቷል። ይህን ልጅ በየት በኩል እንደማሻግረው እንጃ።"

"አውቃለሁ፣ እውነትሽን ነው" የሚለው ቃል ሚዳቋ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። በምትኩ እዚያው ጃርት ደጅ ጋደም አለች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ወገቤን ያዘኝ። ዳገቱን መውጣት አልችልም፤ ዛሬ አሳድሪኝ።"

ጃርት ቅጠሏን መልሳ ፈታች። በሽተኛ ከደጁ ጥሎ የሚሄድ ማን አለ?

ወሬው ሳይመሽ ዳገቱን ዞረ። በዚያ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ ነው፤ አርፍዶ የመጣ "ለምሳ መጣ" ይባላል። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ዳገቱ ሁሉ ረባዳው ላይ ነበር። አያ ዝንጀሮም እንደ ልማዱ ክዳኑን አንስቶ መጣ። ሳይጠይቅ ቢቀር አገር ምን ይለዋል?

ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም።

"ልጄ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?" አሉ አባ ኤሊ ጎንበስ ብለው። "እኛ እኮ ትናንት ደህና… እህ! እህ!"

"ይማርዎት!"

"ያኑራ… እህ! ያኑራችሁ!"

ከርከሮ ቀጠለ። አዋልዲጌሳ ቀጠለ። "ይማርህ!" "ያኑርህ!" "ይማርሽ!" "ያኑርሽ!" ማን ማንን እንደሚመርቅ ጠፋ። አያ ዝንጀሮ ብቻ አፉን ገጥሞ ቆመ። ጉንጩ ተነፋ፤ ዓይኑ ፈጠጠ፤ መቀመጫው ከወትሮው የባሰ ቀላ።

"አያ ዝንጀሮ፣ ምነው ዝም አልክ?" አለች ጃርት።

መልስ ልስጥ ብሎ አፉን ቢከፍት፣ "እህህህህ!"

"ይማርህ!" አለ ረባዳው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

"አይዞህ፣ ሕልም ነው" አለች ጃርት። "ሕልም ያስላል።"

ዝንጀሮ እንባውን እየጠረገ መሬት መሬት አየ። "ማለዳ የምከፍተው እኮ እፍኝ የሚበዛው ጠዋት ስለሆነ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ይደፈን!" አሉ አንዳንዶቹ። "ከናካቴው ይደፈን!"

ሚዳቋ ከተኛችበት፣ "ነፋስ እስኪነሳ ክዳኑ ቢቆይስ?" አለች። ድምፅዋ እንደ ትንኝ ነበር፤ ግን ሰሟት።

አባ ኤሊ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ጉድጓዱ አይደፈንም። ክዳኑም ነፋስ ሳይነሳ አይነሳም፤ ነፋስ ሲተኛ ይከደናል። ድንጋዩ ቀን የጠጣው ሙቀት ለሌሊት ይበቃል። ጠባቂው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የሚኖረው እዚህ ረባዳው ውስጥ ነው።"

"እዚህ?" አለ ዝንጀሮ።

"እዚህ። ቸኩለህ የከፈትክ ቀን መጀመሪያ የሚያስልህ አንተን ነው።"

ጃርት አገሯ ቀረች። ዳገቱም አልበረደው፤ ረባዳውም ተነፈሰ። ያን ቀን ሁሉም "ሚዳቋ መታመሟ በጀን! የተባረከ በሽታ!" እያሉ ሲያመሰግኗት ዋሉ። ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋት።

በማግስቱ ጠዋት ሚዳቋ ዳገቱን ወርዳ ጃርት ደጅ ቆመች።

"እመት ጃርት፣ አልታመምኩም ነበር።"

"እሱማ ነቅቼብሻለሁ። በሽተኛ ሦስት ጎደሬ አይጨርስም።"

"ሌላም አለ።" ሚዳቋ ጆሮዋ ተለጠፈ፤ ግን አላቆመችም። "ሦስት ወር ሙሉ አውቅ ነበር። ልጄን እንዳይበርዳት ብዬ፣ ልጅሽን ሲያስለው እየሰማሁ ዝም አልኩ።"

የጃርት እሾህ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚዳቋ አልሸሸችም። ከቤት ውስጥ ልጁ ለብቻው እየዘፈነ ይጫወታል። ጃርት ዘፈኑን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ እሾኋም ቀስ በቀስ ተኛ።

"ሌላ ጊዜ ቶሎ ታመሚ" አለቻት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦ አዋቂ ዝም ሲል፣ አላዋቂ ይፈርዳል።