ዘጠና የት ጋ ነው?

አንድ የጨው ነጋዴ ሦስት አህዮች ጭኖ ወንዝ ዳር ደረሰ። በሪሁ ይባላል፤ ቁመቱ አጭር ነው። ያለው ሀብት ሁሉ አህዮቹ ጀርባ ላይ ነው። ጨው ደግሞ ውሃ ከነካው ቀረ።

ዱሮ የወንዙን ጥልቀት የሚናገሩት አሻጋሪው አያ ውቤ ነበሩ። ገብተው ይወጡና «ጉልበት!» ወይም «ወገብ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ሰውም ይሻገራል። ችግሩ፣ አያ ውቤ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙ ናቸው። ባለፈው ክረምት «ወገብ!» ሲሉ አምኖ የገባው በሪሁ እስከ ብብቱ ሰመጠ። አንድ ጭነት ጨው ወንዙ ላሰው።

ዘንድሮ ወንዙ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተተክሏል። ውሃው «90» ላይ ነው።

በሪሁ ቁጥር ያነባል። ግን ትናንት የተሻገሩት «አንድ ሜትር ነበር» ብለውታል። ከአንድ ወደ ዘጠና! ሞላ ማለት ነው?

«ጎድሏል እኮ፣ ምን ትፈራለህ?» አለው ከኋላው የቆመ የበርበሬ ነጋዴ።

«ዘጠና ደርሶ ጎድሏል ትለኛለህ?»

«ዘጠና ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወንድሜ! ከሜትር ያንሳል።»

«እሺ፣ ሜትርስ የት ጋ ነው?»

የበርበሬ ነጋዴው ደረቱን ነካ። ቀጥሎ ጉልበቱን ነካ።

በሪሁ ወንዙ ዳር ወደተቀመጡት ወደ አያ ውቤ ዞረ። «አያ፣ እባክዎ ገብተው ይንገሩኝ። ወገብ ነው ጉልበት?»

«የእኔ ወገብ ባለፈው ምን እንዳደረገህ ረሳኸው?» አሉ አያ ውቤ። ዳር ላይ፣ ደረቅ አፈር ውስጥ የቆመ ተመሳሳይ ብረት ነበር። «ና፣ እዚህ ቁም።»

ቆመ። አንድ ሜትር እምብርቱ ላይ ዋለ። ዘጠና ደግሞ ከእምብርቱ አንድ ጋት ዝቅ አለ።

«ታዲያ እሻገራለሁ!»

«አንተማ ትሻገራለህ። ጨውህንስ ጠይቀኸዋል?»

አህያዋን ጎትተው ከብረቱ አጠገብ አቆሟት። የጭነቱ ግርጌ ሰባ ላይ ነበር።

በሪሁ ብረቱን አየ፤ አህያዋን አየ፤ ወንዙን አየ። ዘጠና ቁጥር መሆኑ ቀረና ውሃ ሆነ። ጭነቱን ማውረድ ጀመረ።

የበርበሬ ነጋዴው «ከሜትር ያንሳል» እያለ በርበሬ የጫኑ አህዮቹን ነድቶ ገባ። ወንዙ ለጥቂት ጊዜ ቀላ።

በሪሁ ሦስት ቀን ጠበቀ። ውሃው ስድሳ ሲደርስ ጨዉን ደረቁን ይዞ ተሻገረ።

ቁጥር ማንበብ ልክን ማወቅ አይደለም። የሌላ ሰው ወገብ አንተን አይለካህም፤ ሜትር ግን ለረጅምም ለአጭርም አንድ ነው። የሚጠቅምህ ግን ራስህ ላይ የት እንደሚደርስ ስታውቅ ነው። እስቲ ተነሥተህ ቁም፤ አንተ ላይ ሜትር የት ጋ ነው? ኪሎስ እጅህ ላይ ምን ያህል ይከብዳል? ካላወቅህ ዛሬ፣ ምንም ሳትጭን ለካ።